የድንጋዩ ራስጌ

ግንቦት 11

ለልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም አታንሺው፤ አርባ ስምንት ዓመት ድንጋይ ፊት የተንበረከከ ጉልበት ደህና ቢሆን ነበር ጉዱ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያነበበችልኝም፣ አሁን ይህንን የምትጽፈውም የኋላውን ክፍል የተከራየችው ጡረተኛዋ ታይፒስት ናት። አፌ እንዳወጣው ጻፊ፣ እንዳታሳምሪብኝ ብያታለሁ። ገና ሳንጀምር "‘ለተከበርሽው ልጄ’ ነው የሚባለው" አለችኝ። ልጅቱ የማን ናት አልኳት። ይኸው ተኮሳትራ ትጽፋለች።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። "እርስዎ" ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ሲነበብልኝ የሌላ ሰው ደብዳቤ የመጣብኝ መስሎኝ "ፖስታው ላይ ያለውን ስም እስቲ እዪው" ብያታለሁ። ድሮ አንተ ነበርኩ። እሺ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም። ለእናትሽ ቀብር የመጣሽ ጊዜም ከሰላምታ ያለፈ አላወራንም። ይሁን።

የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ወሬ ያደረሰችሽ አክስትሽ መሆኗን አውቃለሁ፤ እሷ እያለች ጋዜጣ ምን ያደርጋል። እውነት ነው፣ ይላጣል። ከዋናው በር በላይ ካለው ረድፍ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ወድቆ የዘበኛውን ትከሻ ሰብሮታል። አሁን ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ለገባ ለወጣው ያስጎበኛል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ። የዕረፍት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ብዬ አላስብም። አላስብም እልሻለሁ እንጂ አስባለሁ።

ኮሚቴ የተባሉ ሦስት ሰዎች ጠሩኝ፦ ዳይሬክተሯ፣ አንድ ጎረምሳ መሐንዲስ፣ ሌላው ደግሞ ለምን እንደመጣ ያልገባኝ ሰውዬ። "አባባ፣ የገነቡት እርስዎ ነዎት። ለምንድነው የሚላጠው?" አሉኝ። ድንጋዩ ነው አልኳቸው። ደካማ ድንጋይ ነው የተላከልኝ አልኳቸው። ጻፉት። ድንጋዩን ከካባው፣ ከሚፈለጥበት ጉድጓድ እያወጣ ሲልክልኝ የኖረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ ፈላጩ ነው። ለሱ የላክሽውን ሰላምታ አደርሳለሁ።

ሌላም የጠየቅሽው ነገር ነበር፤ ታይፒስቷ በደንብ አላነበበችልኝም። መነጽሯ አርጅቷል።

አባትሽ

(ይህ የእኔ የጸሐፊዋ ነው፤ አላነበብኩላቸውም። መነጽሬ አዲስ ነው። "ድንጋዩን አስተኝተው ነው ወይስ አቁመው የገነቡት?" የሚለውን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሁለቴም "ቀጥይ" አሉኝ።)

ሰኔ 4

ለልጄ፣

ታይፒስቷ ከጀርባዬ የጻፈችውን ደርሼበታለሁ። መልስሽ ላይ "ጸሐፊዋን አመሰግናለሁ" የሚል አለ። ምን አድርገሽ ነው የምትመሰገኚው ስላት ፊቷ ቀላ። ሁለት ቀን ተኮራርፈን ሰነበትን። አሁን ታርቀናል፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ማንበብ የሚችል የለም።

እሺ፣ አቁሜ ነው የገነባሁት። በቃሽ? በዓይንሽ ያየሽውን ነገር ለምን እንደምትጠይቂኝ አይገባኝም።

"ያን ቀን ያስታውሱታል ወይ" ላልሽው፣ ያልተማርኩት ማንበብ ነው እንጂ ማስታወስማ አያቅተኝም። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመትሽ ነበር። ለዕረፍት መጥተሽ ምሳዬን ይዘሽልኝ መጣሽ። ሦስተኛውን ረድፍ ጨርሰን ነበር። ፈላጩ ድንጋይ አራግፎ አጠገቤ ቆሟል። ሠራተኞቹ አሥራ አንድ ናቸው። ምሳውን እንኳን ሳታስቀምጪ ጎንበስ ብለሽ ግድግዳውን አየሽና "አባዬ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ተገትሮ ነው ያለው። ውሃ ነው የሠራው፣ ንጣፍ በንጣፍ ነው። እንደ ተኛ ነው መቀመጥ ያለበት፤ እንዲህ ከቆመ ይላጣል" አልሽ።

ፈላጩ መሬት መሬት አየ። እሱም ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ከካባው ሲያወጣ በእያንዳንዱ ድንጋይ ራስጌ ላይ፣ ማለት መሬት ውስጥ ተኝቶ ሳለ ወደ ሰማይ በነበረው ፊቱ ላይ፣ በቀይ ጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል። አባቱም እንደዚያው ነበር። ግንበኛው የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። እኔ ግን ሰፊውን ፊት ወደድኩት። ድንጋዩን ስታቆሚው ሰፊው ፊቱ ላይ ያለው ሽብሽብ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት ነፋስ የነካው ኩሬ ይመስላል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሠራ ሌላ ግንበኛ አልነበረም። ያማረው ፊት ራስጌው ሲሆን ቀዩን መስመር በመሮ አነሳሁት። ያማረው ግርጌው ሲሆን ደግሞ መስመሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲሚንቶ በላው።

ያኔ የመለስኩልሽን ልድገመው፤ እንዳልረሳሁት እወቂ። "ወንዝ ድንጋይ ሲሰብር እንጂ ሲወልድ ያየ አለ? ሲሚንቶውንስ ማን አቦካለት?" አልኩ። አሥራ አንዱም ሳቁ። ፈላጩ አልሳቀም። "መጽሐፍሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው" አልኩሽ። ምሳውን አሸዋው ክምር ላይ አስቀምጠሽ ሄድሽ። ከሰዓት በኋላ ባለው አውቶቡስ ተሳፈርሽ። ምሳውን አልበላሁትም፤ ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።

ፈላጩ እንዴት ነው ላልሽው፣ ድሮም ዝምተኛ ነው፤ አሁን ብሶበታል። ሰላምታሽን ገና አላደረስኩም። ኮሚቴው "የዚያ ካባ ድንጋይ ደካማ ነው" ብሎ ጽፎ ለሁሉም በትኗል። ከዚያ የሚወስድ ሰው ጠፍቶ ካባው ተዘግቷል። ግድግዳውን በክረምቱ ዕረፍት በሲሚንቶ ልስን ሊሸፍኑት ነው። መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ አዲስ ሆኖ ይጠብቃቸዋል አሉ። ይሻላል። ይሸፈን።

እስቲ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሹፈት አይደለም። ውሃ ሠራው ያልሽው ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ እንዴት ብሎ ያዘ? ስንት ጊዜስ ፈጀበት?

አባትሽ

ሰኔ 21

አባዬ፣

እንደምን ነህ? መጀመሪያ በ"እርስዎ" ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሳታሾፍ የጠየቅከኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለሆነ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ለተማሪዎቼ የምለውን ሳይሆን ላንተ የምነግርህን ልጻፍልህ።

ያንተ ድንጋይ ድሮ ሌላ ተራራ ነበር። ፀሐይና ውርጭ ፈረካከሱት፣ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ወንዝ ጉልበት እያለው ሁሉንም ይሸከማል። ሲደክመው መጀመሪያ የሚጥለው ጠጠሩን ነው፤ ቀጥሎ አሸዋውን፤ ውሃው ጸጥ ሲል በመጨረሻ ደቃቁን ጭቃ። ለዚህ ነው ንጣፉን ስታየው ከሥሩ ሻካራ፣ ከአናቱ ልሙጥ የሚሆነው። በሚቀጥለው ጎርፍ ሌላ ንጣፍ ይመጣበታል፣ በዚያ ላይ ሌላ። አንተ የወደድከው ሽብሽብ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ውሃ አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የተወው ምልክት ነው። ነፋስ የነካው ኩሬ ይመስላል አልከኝ። አባዬ፣ ራሱ ኩሬው ነው።

ሲሚንቶውን ማን አቦካለት ላልከው፣ የላዩ እየከበደ ሲሄድ የታችኛው አሸዋ ይጠጋጋል፣ በመሃሉ ያለው ውሃ ይጨመቃል። ውሃው ባዶውን አልነበረም፤ ኖራ ሟሙቶበታል። ሲያልፍ ኖራውን በቅንጣቶቹ መካከል እየተወ ይሄዳል። አሸዋውን አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው። ስንት ጊዜ ፈጀ ላልከኝ፣ ሙሉውን ቁጥር ብነግርህ ትስቃለህ። ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጥፍር ውፍረት ቢሞላ ነው። እኔና አንተ የተኳረፍንበት ጊዜ በሙሉ ያችን ታክላለች።

በንጣፍና በንጣፍ መካከል ግን ያ ስስ ጭቃ አለ። ደካማው እሱ ነው። ተደራርበው የተቀመጡ ብርድ ልብሶችን አስብ። ተኝተው ሳሉ የላዩ የታቹን ስለሚጫነው አንዱንም መምዘዝ አትችልም። ብታቆማቸው ግን አንድ በአንድ ይዘረገፋሉ። ዝናቡም የሚገባው በዚያው ነው። ከተለሰነ ደግሞ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። መውደቁ አይቀርም፤ ልስኑን ተሸክሞ፣ ከበፊቱ ከብዶ ይወድቃል። በሩ ላይ። ልጆች በሚገቡበት። እኔ ብጽፍላቸው የሚጠይቁት የገነባውን ሰው ነው፤ የገነባው ሰው ደግሞ "ድንጋዩ ነው" ብሏቸዋል። ከመስከረም በፊት ልታስቆማቸው የምትችለው አንተ ነህ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለእማዬ ቀብር የመጣሁ ጊዜ በትምህርት ቤቱ በኩል አልፌ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ መሰንጠቅ ጀምሯል። ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ፣ አባዬ። በእናቴ ቀብር ቀን "ይኸው፣ ልክ ነበርኩ" ብዬ ደስ አለኝ። ለማንም ሳልናገር ተመልሼ ሄድኩ። የዘበኛው ትከሻ ግማሹ የኔ ነው።

ደግሞ ፈላጩ ዝም ያለው ወዶ እንዳልሆነ አክስቴ ነገረችኝ። አንተ ለምን ደበቅከኝ?

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እባክህ እንዳትዘለው። መቼ ነው ያወቅከው?

ልጅህ

ሐምሌ 8

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበብኩ። በሦስተኛው ታይፒስቷ ወረቀቱን ሳታይ በቃሏ ወጣችው።

መቼ አወቅክ ላልሽው፣ አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ዓመት ነው።

በሄድሽ ማግስት ከግንባታው ሁለት ድንጋይ አምጥቼ ከጓሮ፣ የጣራው ውሃ ከሚወርድበት ሥር አስቀመጥኩ። አንዱን አስተኝቼ፣ አንዱን አቁሜ። ሐሳቤ አንቺን ማሳፈር ነበር። አንድ ቀን ስትመጪ እጅሽን ይዤ ወስጄ "እዪ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው" ልልሽ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ምንም አላደረጋቸውም፤ ደስ አለኝ። በሁለተኛው የቆመው ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አወጣ። በሦስተኛው ክረምት ማብቂያ በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እጄ ላይ ቀረ። የተኛው ግን እስከ ዛሬ እንዳስቀመጥኩት ነው።

እናትሽ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ልጣጩን እጄ ላይ አየችው። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "ጻፍላት" ብቻ አለችኝ። መጻፍ እንደማልችል እሷ አጥታው ነው? ልጣጩን ኪሴ ከተትኩት። እስክትሞት ድረስ ሁለተኛ አላነሳችውም። ቢያንስ አንድ ቀን እንኳን ብትጨቀጭቀኝ ኖሮ እላለሁ አሁን። በሷ ላይ ላላክክ ስሞክር ታያለሽ?

ስለዚህ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። በያመቱ ክረምት ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሳ ወደ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ፤ ከግድግዳው ሥር የወደቀውን ቅርፊት እለቅማለሁ፤ በኪሴ ይዤ እመለሳለሁ። የድሮው ዘበኛ ግንቡን የሚናፍቅ ሽማግሌ መስዬው ወንበር ያወጣልኝ ነበር። ጓሮው ውስጥ አንድ ጆንያ ሙሉ አለ። ዘንድሮ ጉልበቴ አሞኝ ሳልሄድ ቀረሁ፤ በዘንድሮው ነው ያሁኑ ዘበኛ ላይ የወደቀው።

ፈላጩ ዝምተኛ ነው ያልኩሽ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ኮሚቴው ወረቀቱን በበተነ በሳምንቱ ወደቀ። ቀኝ ጎኑም አንደበቱም ሄዱ። ሄጄ አልጠየቅሁትም። በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የማንኳኳበት እጅ አጣሁ።

ኮሚቴው ፊት ግን አልቆምም። ምን ብዬ? የዚህ ከተማ ግማሹ ግድግዳ የኔ ነው። መንገድ ላይ ሳልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳልኛል፤ ለስሜ ነው የሚነሳው። ያንን በገዛ አፌ አላፈርሰውም። እኔም ብዙ አልቀረኝም። ከሞትኩ በኋላ የፈለግሽውን በይ።

አባትሽ

ነሐሴ 3

ልጄ፣

የላክሽው ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ታይፒስቷ የቀረው የጠፋ መስሏት ፖስታውን ገልብጣ አራገፈችው። "ልስኑ ጀርባ የሚገባው ውሃ ያንተን ስም አያውቅም" ነው ያልሽው። ይሄ ምላስ ከናትሽ አልመጣም። ከማን እንደመጣ አውቃለሁ።

ሄድኩ። ጆንያውን ታይፒስቷ በጋሪ አስጫነችልኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልደግመውም፤ ዳይሬክተሯን ጠይቂያት። አንዱን ብቻ ልንገርሽ። ጎረምሳው መሐንዲስ ልቡ ራርቶ "አባባ፣ በዚያን ጊዜ እኮ አያውቁም ነበር፤ እንደዚያ ብለን እንጻፈው" አለኝ። "አውቅ ነበር ብለህ ጻፍ" አልኩት። አልጽፍም አለ። ታይፒስቷ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቃ ጻፈችው። ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ።

ልስኑ ቀርቷል። በሩ ታጥሯል፤ መስከረም ላይ ልጆቹ በጓሮው በር ይገባሉ። ዝናቡ ሲያቆም ግድግዳው ይወርዳል። ፈርመን ስንወጣ ዘበኛው በደህናው እጁ በሩን ከፈተልኝ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳም። ልክ ነው።

ከዚያው ወደ ፈላጩ ቤት ሄድኩ። ከጓሮ ያን የተኛውን ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ምራቱ ከፈተችልኝ፤ "ዛሬ ገና?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም፤ ይህም በቂ ነው። አልጋው አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ ድንጋዩን እዚያ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ጆንያው። እሱ ጣራውን ያያል። ስጨርስ ግራ እጁን ዘረጋ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝ በወደድኩ። ድንጋዩን በጣቶቹ ዳበሰ ዳበሰና ገለበጠው። ለካ ግርጌውን ወደ ላይ ገልብጬ ነበር ያስቀመጥኩት። ቀዩን መስመር ዝናብ ካጠበው ስንት ዓመቱ! በጣቱ ብቻ ነው ያወቀው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይቅር አለህ ወይ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አላውቅም።

አባትሽ

ጥቅምት 6

ልጄ፣

ለሦስቱ ደብዳቤዎችሽ መልስ ያልሰጠሁት ታምሜ አይደለም። ታይፒስቷ ሁለት ጊዜ ወረቀት ዘርግታ ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች፤ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ፈላጩ መስከረም 9 ዐረፈ። ካባው ተከፍቷል፤ የዚያ ካባ ድንጋይ ምንም ጉድለት የለበትም የሚል ወረቀት በትነዋል፤ እሱ ከተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት። ስሙን ያጠፋው ወረቀት በሁለት ቀን ነበር የተዳረሰው። የመለሰው ደግሞ ሁለት ወር ፈጀበት። ምራቱ ወረቀቱን አንብባ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ድንጋዩ እሱ እንዳስቀመጠው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ውሰደው አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ከትናንት ወዲያ ማውረድ ጀመሩ። ወንበር አምጥተው በጥላው በኩል አስቀመጡኝ። ሠራተኞቹ አሥራ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ያን ቀን የነበሩ ናቸው፣ ሽበት አውጥተዋል። የመጀመሪያውን ድንጋይ ከሦስተኛው ረድፍ አወጡት። ፊቱ ተልጧል፤ ጀርባው ግን ሙሉ ነው፣ ታጥቦ ተጠርቦ እንደገና ይገባል። በዚህ ጊዜ ተኝቶ። መሐንዲሱ "ተኝቶ ከተቀመጠ ይበቃል፤ ራስጌና ግርጌው ለውጥ የለውም" አለ። ለሱ ለውጥ የለው ይሆናል። ፈላጩ ዕድሜውን ሙሉ መስመር ሲያሰምር የኖረው ለጨዋታ አልነበረም። እሱ እንዳወጣው ነው የሚመለሰው አልኩ።

"እንግዲያው አባባ፣ የትኛው ነው ራስጌው?" አሉኝ።

ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። እሱ እንዳደረገው በጣቴ ዳበስኩት። ገለበጥኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት። መስመሩን የሚያሰምረው ሰው የለም፤ መስመሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሻካራው ከሥር፣ ልሙጡ ከአናት ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ለኔ ሁለቱም በኩል ያው ነው፤ ሲሚንቶ የበላው ጣት ምን ይለያል። አሥራ አራቱም መዶሻቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። ያኔ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ነው የተቀመጥኩት።

"አላውቅም" አልኩ። ድምፄ አልተሰማም መሰለኝ፣ ደገምኩት። "እኔ አላውቅም። ልጄ ታውቃለች።"

ማንም አልሳቀም። ከሁለቱ ሽበታሞች አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ሥራው እስክትመጪ ቆሟል። ድንጋዮቹን አውርደው ግቢው ውስጥ ደርድረዋቸዋል፣ ሁለት መቶ አሥር ናቸው። ቀይ ጠመኔ ገዝቻለሁ። ማጉያ መነጽርሽን እንዳትረሺ። ምሳውን እኔ ነኝ የማመጣልሽ።



አባትሽ